ባቡር ወደማይቆምበት ጨፌ መገንጠያ ለሽምግልና

ከተመለስን ወዲህ ሃያ ሁለት ሰፈር ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እሺ፣ ሰጡ ወይስ ከለከሉ?» እያለ ያቆመኛል። መልሱን በአንድ ቃል መናገር ይቻላል፤ በአንድ ቃል ከተናገርኩት ግን ጨፌ መገንጠያን ማንም ሳያውቃት ልትቀር ነው። ባቡር የማይቆምባት፣ አውቶቡስ የማይደርስባት ጣቢያ ናትና ከእናንተ መካከል ሄዶ የሚያያት ይኖራል ብዬ አልጠብቅም። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከመነሻው ልጀምር።

የእህቴ ልጅ ኤርሚያስ እዚሁ ቦሌ፣ ሩዋንዳ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው። ቦሌ አክስቷ ዘንድ የምትኖር ጽጌ የምትባል ታይፒስት ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አባቷ አቶ በለጠ የጨፌ መገንጠያ የባቡር ጣቢያ ሹም የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ከዚያው ያልተነቃነቁ ሰው ናቸው። ከኤርሚያስ በፊት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮባቸው ሁለቱንም ጊዜ ከበር መልሰዋል። ጽጌ ደግሞ አባቷ ሳይመርቋት እንደማታገባ ቁርጡን ተናግራለች። ኤርሚያስ ሱቄ ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ እርስዎም ከተመለሱ ሌላ የምልከው ሰው የለኝም» አለኝ። እኔ የእንጨት ሥራ ቤቴን ከከፈትኩ ጀምሮ አልገጥም ብሎኝ የቀረ በር የለም። የሰውም በር ያው ነው ብዬ ተነሣሁ።

ሁለት ሰው ጨመርኩ። አንደኛው ሐጂ ሸምሱ ናቸው፤ ከእኔ ሱቅ ጎን ጨርቅ የሚሸጡ፣ የስልጤ ሰው፣ ትንሽ ተናግረው ብዙ የሚያስቡ። ሁለተኛው ጋሽ ሐጎስ፣ ከትግራይ መጥተው ቦሌ ያረጁ፣ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ሰው፤ እሳቸው ደግሞ ብዙ ተናግረው ሲደክማቸው ያስባሉ። ሦስታችንም የአንድ ዕድር አባላት ነን። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የይለፍ ወረቀት ሲጽፍልን የጉዞውን ምክንያት ጠየቀ፤ «ለሽምግልና» ስንለው ማኅተሙን መታና «ከቀናችሁ እኔንም ጥሩኝ» አለ።

ቅዳሜ

ለገሃር ስንደርስ ሐጂ ሸምሱ ገና ባቡሩ ሳይገባ ሕጋችንን አስታወሱን። «የጠየቅነው ሳይመለስ የቤቱን ውሃ እንኳ አንቀምስም። ቁጭ በሉ ቢሉንም አንቀመጥም።» ይህን ልማድ የማያውቅ የለም፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ ከበላና ከጠጣ እንግዳ ሆነ ማለት ነው፤ እንግዳ ደግሞ ልጅ ስጡኝ አይልም። ጋሽ ሐጎስ ግን ባለቤታቸው የጋገሩላቸውን ድፎ ዳቦ በክንዳቸው አቅፈው ስለነበር ምክሩ በደንብ የገባቸው አልመሰለኝም።

ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈርን። ሰውና ዶሮ፣ ከረጢትና ሕፃን አንድ ላይ ነበርን። ቃሊቲን ስናልፍ ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ቤቴ ስሆን መስኮቴን እያንቀጠቀጠ የሚያማርረኝ ድምፅ ያን ዕለት ግን የሰፈሬ ሰው ሰላም ያለኝ ያህል ደስ አሰኘኝ። የአቃቂ ፋብሪካዎች፣ ከዚያ የዱከም ማሳ፣ ከዚያ የደብረ ዘይት ዛፎች መጡ። በየጣቢያው እንቁላልና ሸንኮራ ይዘው በመስኮቱ ሥር የሚሯሯጡ ሴቶች አሉ። ሃያ ሁለት ቢሆን ገዢው ነው ወደ ሱቅ የሚሄደው፤ በባቡር አገር ሱቁ ራሱ ወደ ገዢው ይሮጣል።

ቲኬት ቆራጩን ጨፌ መገንጠያ ላይ እንዲያወርደን ጠየቅሁት። ሳቀ። «ጨፌ? አባባ፣ እዚያ ባቡር መቆም ከተወ እኮ ቆየ። ሞጆ ወርዳችሁ በጋሪ ነው።» ጥቂት አሰበና «ሹሙ ግን ዛሬም ባቡር ሲያልፍ ኮፍያቸውን አድርገው ይወጣሉ። ሹፌሮቹም ጥሩንባ ይነፉላቸዋል» አለ። ጋሽ ሐጎስ ይህን ሰምተው «እንዲህ ያለ ሰው ልጁን በቀላሉ አይሰጥም» አሉ፤ ዳቧቸውንም ቆረሱልን።

ሞጆ ነፋሱ አቧራ ፊታችን ላይ እየደፋ ተቀበለን። ያደርነው አንዲት ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ እመቤት ቤት ነው። ሦስት አልጋ ባንድ ክፍል ሰጡን። እራት በግ አለ ሲሉን እኔ ሐጂን አየሁ፤ ሴትዮዋም አዩኝ። ወጡና ከእስላም ጎረቤታቸው ድስት ተውሰው ሽሮ ሠሩ። ጋሽ ሐጎስም እኔም በጉን ትተን ከሐጂ ጋር በላን። ሴትዮዋ ለስግደታቸው የታጠበ ነጠላ መሬት ላይ አነጠፉላቸው፤ የማጠቢያ ውሃም ከበሩ አስቀመጡ። ሐጂ ሸምሱ በነገታው ሲሰናበቷቸው «እህቴ፣ ቤትሽ አይጉደል» ብለው መረቋቸው። ትልልቆቹን የቦሌ ሆቴሎች አውቃለሁ፤ የብዙዎቹን በሮች የሠራሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ መስተንግዶ ግን አላየሁም።

እሑድ

ጋሽ ሐጎስ ቤተ ክርስቲያን ሳልስም አልንቀሳቀስም ብለው አረፈዱ። ቁርስ ሳንበላ ጋሪ ላይ ወጣን፤ መንገድ ላይ የሚበላ ይገኛል ብለን ነበር። መንገድ ላይ ያገኘነው ግራርና የጤፍ ማሳ ብቻ ነው። ጉዞውን ሳናጋምስ የጋሪው ጎማ ተነፈሰ። ባለጋሪው ወርዶ ጎማውን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ እኛንም አየና «እንግዲህ ሐዲዱን ተከተሉ፤ እሱ አያሳስትም» አለን። ይቅርታ እየለመነ ፈረሱን ፈትቶ ወደ ኋላ ነዳ።

ሦስት ሽማግሌ በሙሉ ልብስ በሐዲድ ላይ ሲሄድ አስቡት። ሐጂ ጥላ ዘርግተዋል። እኔ ከረባቴን ፈትቼ ኪሴ ከትቻለሁ። ጋሽ ሐጎስ ለቦሌ አስፋልት የተገዛ ጫማቸው ጠጠሩ ላይ እየከዳቸው በየእርምጃው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኛ ደግሞ ሳንቸኩል አፈሰስን» ይላሉ። ፀሐዩ አናት ላይ ሲሆን ርሃቡ ንግግራችንን ቆረጠው።

ጣቢያዋን ያየናት ያን ጊዜ ነው። ጥቁር ድንጋይ ግንብ፣ ቀዩ የደበዘዘ ቆርቆሮ፣ ቅስት መስኮቶች። ከጎኗ በብረት እግሮች የቆመ ዝገት የበላው የውሃ ታንከር አለ። ከግድግዳው ላይ ስሟ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ተጽፏል፤ ከሁለቱም ፊደል ግማሹ ረግፏል። ሰው ይኖርባታል ብለን አላሰብንም። ግን መጠበቂያ አዳራሹ ተጠርጓል፤ አግዳሚ ወንበሩ ተወልውሏል፤ በቲኬት መሸጫዋ መስኮት በኩል ደግሞ የቅቤ ሽታ ይመጣል። ሻይ ቤት ነው አልን። ሦስታችንም በአንድ አፍ ነው ያልነው።

በመስኮቷ አንዲት ጠይም፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ብቅ አሉ። «የአቶ በለጠን ቤት ያሳዩን ነበር» አልኳቸው።

«አሳያችኋለሁ። መጀመሪያ እረፉ፤ ፀሐይ መትቷችኋል» አሉና ጨጨብሳ በመስኮቷ አቀበሉን። ቅቤና በርበሬው ትኩስ ነው። እርጎም ጨመሩ። ማን ነው እምቢ የሚል? ሐጂ ሸምሱ እንኳ ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ሳህኑን አጸዳነው፤ ሁለተኛም መጣ። ጋሽ ሐጎስ ጢማቸውን እየጠረጉ ወደ መስኮቷ ሄዱና «እናት፣ ሒሳብ ስንት ነው?» አሉ።

«ሒሳቡን ባለቤቴ ሲመጣ ይነግራችኋል» አሉ ሴትዮዋ፤ ፊታቸው ላይ ምንም የለም።

ወዲያው የሐዲዱን ጠጠር እያንኮሻኮሹ አንድ ረጅም ሽማግሌ ገቡ። የሹም ኮፍያ አድርገዋል፤ ፊሽካ በሰንሰለት ከደረታቸው ተንጠልጥሏል። ሰላምታ ሰጡንና ማንን እንደምንፈልግ ጠየቁን። አቶ በለጠን አልኩ።

«እኔ ነኝ። ቤቴም ይኸው ነው። ምን ልታዘዝ?»

የሐጂ ሸምሱ እጅ እርጎው ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ ቅቤ የነካ ጣቴን ከኋላዬ ደበቅሁ። የሙሽሪትን እናት ሒሳብ ጠይቀናል፤ የሙሽሪትን ቤት እህል ሁለት ሳህን በልተናል። በዕድሜዬ የሄድኩበት ሽምግልና ሁሉ ተሰብስቦ የሳቀብኝ መሰለኝ። እንደምንም «ሽማግሌዎች ነን» አልኩ።

አቶ በለጠ ሳህኑን አዩ። «ሽማግሌማ ብትሆኑ ቆማችሁ በጠበቃችሁኝ ነበር» አሉ። ግን አልተቆጡም። «በቤቴ የበላ ሰው በበላበት ቀን ጉዳይ አያወራም። ዛሬ እንግዶቼ ናችሁ። ነገ ጠዋት የምትሉትን ትላላችሁ።»

ከሰዓት በኋላ ጣቢያቸውን አሳዩን። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ፍርስራሽ ባሳየን ነበር፤ እሳቸው ግን የሚያሳዩን ሙሉ ጣቢያ ነው። ባቡሩ በእንፋሎት በሚሄድበት ዘመን እዚህ ሳይጠጣ የሚያልፍ አልነበረም፤ ታንከሩ ለዚህ ነው። ውሃው እስኪሞላ ተሳፋሪው ወርዶ ይበላል፣ ይዘፍናል፣ ይታረቃል። ከዚህ ደግሞ ቡርቃ ወደሚባል መንደር የሚሄድ ቅርንጫፍ መስመር ተገንጥሎ ይሄድ ነበር። በመጀመሪያ ለድንጋይ ካባ ተዘረጋ፤ በኋላ እህልና ሰው ጫነ። ሁለት ባቡር ጎን ለጎን ቆሞ የአንዱ ተሳፋሪ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ አሉ አቶ በለጠ፣ የእሳቸው ፊሽካ ሳይነፋ ማንም ንቅንቅ አይልም ነበር። ከዚያ ናፍጣው መጣ፤ ናፍጣ ውሃ አይጠማውም። በምሥራቁ ጦርነት ዋናው መስመር ሲሰበር ደግሞ የቅርንጫፉ ሐዲድ ተነቅሎ ለጥገና ተወሰደ። መገንጠያነቷ ያን ዕለት አበቃ። አሁን ግማሹ አዳራሽ የገበሬ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ነው። እሳቸውን ማንም ውጡ አላላቸውም፤ ቆዩም አላላቸውም።

ሐዲዱ የነበረበትን ቦታ አሳዩን፤ ሣር የበቀለበት ረጅም ጉብታ ነው። «ያስነቀልኩት እኔ ነኝ። ትእዛዝ ነበር፤ ዋናው መስመር መኖር ነበረበት» አሉ። ቦሌ ቤት ሲፈርስ ሌላ ይሠራበታል፤ ቦታው ምን እንደነበረ ባመቱ ይረሳል። እዚያ ግን አንድ ሰው ቆሞ ስለሚያስታውስ ምንም አልተረሳም። ሰውየውን እዚያው ላይ ወደድኳቸው፤ ለጉዳያችን ግን ፈራሁ።

ሰኞ

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ወይዘሮ ጫልቱ፣ የጽጌ እናት፣ ውሃ እያፈሰሱልኝ «ትናንት አፈርክብኝ አይደል?» አሉኝ።

«ኧረ እርስዎ ምን አደረጉ? ሆዳችን ነው ያዋረደን።»

«ልጄ መልእክት ልካልኛለች፤ ሽማግሌ መሆናችሁን ገና ከሐዲዱ ላይ ሳያችሁ ነው ያወቅሁት። የፊተኞቹን ባለቤቴ በቆሙበት ነው የመለሳቸው። በር ላይ የቆመን ሰው መመለስ ይቀለዋል። እህሉን የቀመሰ ሰው ላይ ግን አይጨክንም፤ ሠላሳ ዘመን አውቀዋለሁ። ስለዚህ አበላኋችሁ።» ጆጉን አስቀመጡና «በል እንግዲህ፣ ጨጨብሳዬን በከንቱ አታስበላኝ» ብለው ገቡ። ልቤ ተመለሰልኝ። ከቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ከኛ ጋር ነበረ ማለት ነው።

ሦስታችንም ከረባታችንን አስረን ከአዳራሹ ወጣን፤ እንደ አዲስ መጥተን በሩ ላይ ቆምን። አቶ በለጠ ከውስጥ ሆነው «ተቀመጡ» አሉ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። እኔም ተናገርኩ። ልጃችን ጤነኛ፣ ሠራተኛ፣ መካኒክ እንደሆነ፤ ጽጌን ለእሱ፣ እሱንም ለእሳቸው ልጅነት ለመጠየቅ እንደመጣን ነገርኳቸው። ጥሩ ተናገርኩ፤ ራሴን ማመስገን ባይሆንብኝ።

አቶ በለጠ እስክጨርስ ሰሙ። «ልጁ ላይ የምለው የለኝም። ልጄን ከዚህ ጣቢያ፣ በባቡር ከወሰዳችሁ እሰጣለሁ» አሉ።

«ባቡሩ እኮ እዚህ አይቆምም» አሉ ጋሽ ሐጎስ።

«እኔም እሱን ነው የምላችሁ።»

ይህን ብለው ወደ ሐዲዱ ዞር አሉ። «ከዚህ ያልሸኘሁት ሰው የለም። ወታደር ሸኝቻለሁ፣ ነጋዴ ሸኝቻለሁ፣ የሰው ሙሽራ በእልልታ ሸኝቻለሁ። የራሴን ልጅ ጎማው በሚተነፍስ ጋሪ ላይ አውጥቼ ልሸኝ? ሰው ምን ይላል? ጨፌ ሞተች ነው የሚለው።»

ሐጂ ሸምሱ በቀስታ «አቶ በለጠ፣ የሚሸኙት ጣቢያውን ነው ወይስ ልጅዎን?» አሉ። ጋሽ ሐጎስ መኪና እናመጣለን፣ አበባ እንጭንበታለን አሉ። እኔም የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። ሰውየው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አይቆጡም፤ የበላነው እህል ነበር የያዛቸው። ያልተቆጣ ሰው እምቢታ ደግሞ መግቢያ የለውም። የኤርሚያስን ፊት አሰብኩት። ምን ብዬ ነው የምነግረው? እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

የቲኬቷ መስኮት ተከፈተች። ወይዘሮ ጫልቱ ከውስጥ ሆነው ነው የተናገሩት።

«የጽጌ አባት፣ እኔ ወደዚህ ቤት በባቡር ነው የመጣሁት። ከቡርቃ እስከዚህ በእልልታ፣ ቄጠማ በተጎዘጎዘ ፉርጎ። እርስዎ ነዎት ፊሽካ ነፍተው የተቀበሉኝ። ምን ጠቀመኝ? ሐዲዱ ሲነቀል እኔም እዚሁ ቀረሁ። በመሃል ያለውን ወንዝ በእግር እንዳልሻገር ጉልበቴ እምቢ አለ። እህቴ ቡርቃ አርጅታለች፤ በሰው በኩል ሰላምታ ትልካለች፣ እኔም እልካለሁ። ልጄ በባቡር ባትሄድ ምንም አይቀርባት። ስትፈልግ ወደ እናቷ የምትመለስበት መንገድ ይኑራት፤ ሌላ አልጠይቅም።»

አቶ በለጠ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸው ውሃ ሞላ፤ አልጠረጉትምም። «አልነገርሽኝም እኮ» አሉ።

«ጣቢያ አይለቀቅም ሲሉኝ ምን ልበል?»

ወደኛ ዞሩ። «ተቀመጡ» አሉ። እኛ እንደ ልማዳችን ልንከራከር ስንል «ሰጥቻለሁ፤ ተቀመጡ» ብለው ደገሙት። ጋሽ ሐጎስ አግዳሚው ላይ ወደቁ ማለት ይቀላል። እኔም ተቀመጥኩ።

«ጥሎሽ አልፈልግም» አሉ አቶ በለጠ። «ልጁ መካኒክ ነው ብላችኋል፤ መኪና አያጣም። ጽጌን ከመውሰዱ በፊት እናቷን ቡርቃ ያድርስልኝ። እህቷ ዘንድ ትሰንብት። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

«ጣቢያውስ?» አልኩ፤ ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

«ጣቢያው ባቡር አይቆምበትም» አሉ። ከአፋቸው ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር፤ የሚስታቸውን ፊት አየሁ፣ ለእሳቸውም የመጀመሪያቸው ነበር።

ወይዘሮ ጫልቱ ከመስኮቷ ወጥተው ወደ አዳራሹ መጡ። ሊያመሰግኑን ነው ብዬ ተነሣሁ። እሳቸው ግን እንደ ልጃገረድ አፍረው የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ «የቡርቃ መንገድ አሁን መኪና ያስገባ ይሆን?» አሉ።

«ባያስገባ ወርደን እንገፋለን» አሉ ሐጂ ሸምሱ።